ግድግዳ ሳይገጭ የሚሄድ ሮቦት፦ ሉፕና ኢፍን በፓይተን ማሠራት፣ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ጠዋት ከተማሪዎች ጋር ሮቦት እንሠራለን። ደጋግሞ የሚገጥመን ችግር አንድ ነው። ሮቦቱ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳውን ይገጫል፣ ከገጨ በኋላ ይቆማል። ልጁ ደንግጦ ኮዱን ያሳየኛል። «ቲቸር፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቁም ብዬዋለሁ እኮ!»

እውነቱን ነው፣ ብሎታል። ግን የጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወይም ጠይቆ ሲያበቃ ለአንድ ሙሉ ሰከንድ አስተኝቶታል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሮቦት የሚያየው ስትጠይቁት ብቻ ነው። ኢፍ ጥያቄው ነው። ሉፕ ጥያቄውን ደጋግሞ የሚጠይቅላችሁ ነው። ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ካልያዙ ዕቃው የፈለገውን ያህል ጥሩ ይሁን፣ ሮቦቱ ያው ዕውር ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ከታች ያለውን ኮድ የጻፍኩት ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ማዘዣ ቋንቋ ነው፤ ለንባብ እንዲመች ግን በአማርኛ ፊደል ጽፌዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። «ለካ» እና «ወደፊት» የመሳሰሉትን እኛው የምናወጣቸውን ስሞችም በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውንና ፋይሉን አስቀድማችሁ አሟሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ዕቃ አይገኝም። አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንዲት ሬዚስተር ረስታችሁ ብትመለሱ አንድ ሳምንት ይባክናል። ዝርዝሩን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

- ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ኤች (የሮቦቱ አንጎል የሆነች ትንሽ ኮምፒዩተር)፣ 1። «ኤች» ያለው እግሮቹ ተበይደውለት ነው የሚመጣው። የሌለውን ከገዛችሁ በካውያ መበየድ የናንተ ሥራ ነው።
- ቢጫ ባለ ጊር ሞተር ከነጎማው፣ 2። የሮቦት አካልና ከፊት የምትንከባለል ትንሽ ጎማ።
- ኤል298ኤን የሞተር መንጃ ቦርድ፣ 1።
- ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰር፣ 1።
- 18650 ባትሪ፣ 2፤ ማስቀመጫው፣ ማብሪያ ማጥፊያው እና የራሱ ቻርጀር።
- ሬዚስተር፦ 1 ኪሎ ኦም አንድ፣ 2 ኪሎ ኦም አንድ።
- 1ኤን5817 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ 1።
- ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር ሽቦ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ቴስተር።
- ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ።

ገመዱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ብዙ ገመድ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል እንጂ ፋይል አያስተላልፍም። የማይክሮ ዩኤስቢ ስልክ ካላችሁ በገመዱ ፎቶ ወደ ላፕቶፕ አስተላልፉ። ካላለፈ ሌላ ገመድ ጠይቁ። ግማሽ ቀን ሙሉ «ፒኮው ሞቷል» ተብሎ ሲለቀስ፣ በኋላ ገመዱ ሆኖ የተገኘበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ባትሪውን ከአሮጌ ላፕቶፕ ፈታችሁ አትጠቀሙ። የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ እሳት ያስነሳል። አዲስ ግዙ፣ በራሱ ቻርጀር ብቻ ሙሉት፣ ሲሞላም ጥላችሁት አትሂዱ።

መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ሁለት ነገር አውርዱ። አንደኛው ቶኒ የሚባለው የፓይተን መጻፊያ ነው። ሁለተኛው ለፒኮ የተዘጋጀው የማይክሮፓይተን ፋይል ነው፤ ፒኮው ፓይተን እንዲገባው የሚያደርገው እሱ ነው። ሁለቱንም በፍላሽ ያዙ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ ሽቦውን አገናኙ

እዚህ አትቸኩሉ። የኮድ ስህተት ይታረማል፤ የተቃጠለ ፒኮ ግን አይመለስም። ማብሪያው ይጥፋ፣ ዩኤስቢውም ይነቀል።

1. የግራውን ሞተር ከመንጃው አንድ ጎን፣ የቀኙን ከሌላው ጎን በካቻቢቴ እሰሩ።

2. የባትሪውን ፖዘቲቭ በማብሪያው በኩል 12 ቮልት ከሚለው ቀዳዳ አስገቡ። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ሲሆኑ 7.4 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ሲሞሉ 8.4 ይደርሳሉ። መንጃው ራሱ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ለሞተሩ የሚተርፈው ልኩ ነው።

3. የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ የመንጃውን ግራውንድ (የኔጌቲቭ ቀዳዳውን) እና የፒኮውን ግራውንድ አንድ ላይ አገናኙ። ይህን የምትዘሉ ከሆነ ቀሪውን ባትሠሩት ይሻላል። ግራውንዱ የጋራ ካልሆነ ትእዛዙ ከፒኮ ወጥቶ መንጃው ዘንድ አይደርስም።

4. አሁን ማብሪያውን አብሩና የመንጃውን የ5 ቮልት ቀዳዳ በቴስተር ለኩ። ወደ 5 የተጠጋ ካነበባችሁ አጥፉት። ከ5.5 በላይ ካነበበ ፒኮውን እንዳታገናኙት።

5. ከዚያ የ5 ቮልት ቀዳዳ ዳዮዱን አስገብታችሁ ወደ ፒኮው ቪሲስ (ኃይል ወደሚገባበት እግር) ውሰዱ፤ የእግሩ ቁጥር 39 ነው። የዳዮዱ ነጭ መስመር ወደ ፒኮው ይዙር። ዳዮዱ ካለ ዩኤስቢውና ባትሪው አብረው ቢሰኩም አንዱ ሌላውን አይጎዳም።

6. የመንጃውን አራት የአቅጣጫ እግሮች በተርታ ከፒኮው እግሮች ከጂፒ2፣ ጂፒ3፣ ጂፒ4 እና ጂፒ5 አገናኙ። ሁለቱን የፍጥነት እግሮች የሸፈኑትን ትንንሽ ጥቁር ቆቦች ንቀሉና ከጂፒ6 እና ከጂፒ7 አገናኙ።

7. ሴንሰሩን ኃይል ከቪሲስ ስጡት፤ ግራውንዱንም ከጋራው ግራውንድ አገናኙ። ትሪገሩን (ድምፅ ላክ ብለን የምናዝዝበትን እግር) ከጂፒ14 አገናኙ። ኤኮውን (መልሱ የሚመጣበትን እግር) ግን በቀጥታ አታገናኙ! ሴንሰሩ 5 ቮልት ገደማ ይልካል፤ ፒኮው የሚችለው 3.3 ነው። ከኤኮ ተነስታችሁ 1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ ጂፒ15፣ ከዚያው ነጥብ 2 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። እንዲህ ሲሆን 5ቱ ቮልት ወደ 3.3 ይወርዳል። ባለ 4 መስመር ሬዚስተር ከሆነ 1 ኪሎ ኦሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው። 2 ኪሎ ኦሙ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው።

የጂፒ ቁጥርና የእግር ቁጥር አንድ አይደሉም። ጂፒ14 ከላይ ሲቆጠር 19ኛው እግር ነው፤ ጂፒ15 20ኛው፤ ጂፒ2 ደግሞ 4ኛው። ኮዱ ውስጥ የሚገባው የጂፒው ቁጥር ነው።

ደረጃ 3፦ ማይክሮፓይተንን ጫኑ

ፒኮው ላይ ያለችውን ብቸኛ ቁልፍ ተጫኑ። ሳትለቁ ዩኤስቢውን ሰኩ። ከዚያ ልቀቁ። ላፕቶፑ ላይ እንደ ፍላሽ ሆኖ ይመጣል። ያወረዳችሁትን ፋይል ጎትታችሁ ጣሉበት። ወዲያው «ፍላሹ» ይጠፋል። አትደንግጡ፤ መጥፋቱ ሥራው መሳካቱን ነው የሚያሳየው።

ቶኒን ክፈቱ። ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ጽሑፍ ተጫኑና ማይክሮፓይተን ለፒኮ የሚለውን ምረጡ። ከታች ባለው ሳጥን ውስጥ ሦስት የ«ይበልጣል» ምልክቶች ከታዩ ተገናኝታችኋል። ካልታዩ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫኑ። አሁንም እምቢ ካለ ወደ ገመዱ ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ሕጉን በአማርኛ ጻፉ

ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። ብዙዎች የሚወድቁትም እዚሁ ነው። ኪቦርድ ሳትነኩ ወረቀት አውጡና ሮቦቱ የሚያደርገውን በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉ፦

    ሁልጊዜ፦
        ርቀቱን ለካ
        ርቀቱ ከ20 ካነሰ፦
            ሽሽ
        ያ ካልሆነና ከ40 ካነሰ፦
            ቀስ ብለህ ሂድ
        ያም ካልሆነና ምንም ካልሰማህ፦
            ቀስ ብለህ ሂድ
        አለዚያ፦
            ሂድ

አሁን አንዳችሁ ሮቦት ሁኑ። ዓይናችሁን በሻሽ አስሩ። ሌላው ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያዝዛል፤ ሦስተኛው ርቀቱን በሜትር እየለካ ይናገራል። ሮቦት የሆነው ልጅ ያልተነበበለትን አያደርግም። «ሂድ» ከተባለ ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ መሄዱን አያቆምም።

አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ይህን ስንጫወት አንባቢዋ ልጅ «ርቀቱን ለካ» የሚለውን ከ«ሁልጊዜ» በላይ ጽፋው ነበር። አንድ ጊዜ ተለካ፤ 3 ሜትር። ከዚያ በኋላ በዞረች ቁጥር የምታነበው ያንኑ 3 ሜትር ነው። ዓይኑ የታሰረው ልጅ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ እሷ አሁንም «ሂድ» ትላለች። በእጄ ያዝኩት። ልጅቷ ወረቀቱን አየት አደረገችና መስመሩን ሰርዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ስህተት ኮድ ላይ ስትሠራ አላየኋትም።

ደረጃ 5፦ ወደ ፓይተን መልሱት

መተርጎሙ ቀላል ነው። «ሁልጊዜ» የሚለው ዋይል ትሩ ነው። «ከሆነ» ኢፍ ነው። «ያ ካልሆነና ይህ ከሆነ» ኤሊፍ ነው። «አለዚያ» ኤልስ ነው። «ይህን ያህል ጊዜ ድገም» ፎር ከሬንጅ ጋር ነው። ለአንድ ሥራ ስም ማውጣት ደግሞ ዴፍ ነው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

ሁለት ነጥብ። ዋይል፣ ፎር፣ ኢፍ፣ ኤሊፍ፣ ኤልስ እና ዴፍ ያለበት መስመር ሁሉ በሁለት ነጥብ ያልቃል። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ግን የሚወጣው የግዕዙ ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል። በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል። ፓይተን ግን አያውቀውም፤ የአጻጻፍ ስህተት ብሎ ይቆማል። የግዕዙ ነጠላ ሰረዝም እንደዚያው ነው። መስመሩ ትክክል መስሎ እየታያችሁ ስህተት ካለ ኪቦርዱን ወደ ላቲን መልሱና ምልክቶቹን ደምስሳችሁ እንደገና ጻፏቸው።

ገባ ማለት። በሁለት ነጥብ ካለቀው መስመር ሥር ያለው ሁሉ አራት ስፔስ ገባ ይላል። ገባ ማለቱ ለውበት አይደለም። የትኛው መስመር በሉፑ ውስጥ እንደሚደገም ፓይተን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ትልቅ ፊደል። ትሩ የሚለው የመጀመሪያ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከላይ ያየናቸው ሌሎቹ ቁልፍ ቃላት በትንሽ ይጻፋሉ።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ጎማውን አንስታችሁ ሞክሩ

ሮቦቱን መጽሐፍ ላይ አስቀምጡት፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ከፋይሉ አናት ላይ የምንጠቀምባቸውን ዝግጁ ትእዛዞች የሚያስመጡ ሁለት መስመሮች (ፍሮም … ኢምፖርት የሚሉ) ጻፉ። ከማሽን፦ ፒን፣ ፒደብልዩኤም (ፍጥነት የምንቆጣጠርበት) እና ታይም_ፐልስ_ዩኤስ። ከታይም፦ ስሊፕ፣ ስሊፕ_ኤምኤስ እና ስሊፕ_ዩኤስ። ከዚያ እግሮቹን ሰይሙ፦

    ግራ1 = ፒን(2, ፒን.አውት)
    ግራ2 = ፒን(3, ፒን.አውት)
    ቀኝ1 = ፒን(4, ፒን.አውት)
    ቀኝ2 = ፒን(5, ፒን.አውት)
    ግራ_ፍጥነት = ፒደብልዩኤም(ፒን(6))
    ቀኝ_ፍጥነት = ፒደብልዩኤም(ፒን(7))
    ግራ_ፍጥነት.ፍሪክ(1000)
    ቀኝ_ፍጥነት.ፍሪክ(1000)

    ዴፍ ወደፊት(ፍጥነት):
        ግራ1.ቫልዩ(1)
        ግራ2.ቫልዩ(0)
        ቀኝ1.ቫልዩ(1)
        ቀኝ2.ቫልዩ(0)
        ግራ_ፍጥነት.ዱቲ_ዩ16(ፍጥነት)
        ቀኝ_ፍጥነት.ዱቲ_ዩ16(ፍጥነት)

ወደኋላ የሚለው 1ና 0ዎቹን መገልበጥ ነው። ዙር የሚለው አንዱን ጎማ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ነው። ቁም() ሁለቱንም ፍጥነት 0 ያደርጋል። ፍጥነት ከ0 እስከ 65,535 ነው። በትንሽ ቁጥር ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይነሳም፤ የሚነሳበትን እየጨመራችሁ ፈልጉ። እኔ ከታች የተጠቀምኩት 30000፣ 35000፣ 40000 እና 45000 ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል።

አሁን የመጀመሪያው ሉፕ፦

    ፎር ቁጥር ኢን ሬንጅ(4):
        ወደፊት(45000)
        ስሊፕ(1)
        ዙር(45000)
        ስሊፕ(0.5)
    ቁም()

ሬንጅ(4) አራት ጊዜ ነው፤ የሚቆጥረው ግን 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ነው። የመጨረሻዋን ቁም() ተመልከቱ። ከፎር ጋር እኩል ነው የቆመችው፤ ስለዚህ ሉፑ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ትሠራለች። ከረሳችኋት ሮቦቱ መዞሩን ይቀጥላል። ሞተር የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ ነው የሚኖረው።

አንዱ ጎማ በተቃራኒ ከዞረ ኮዱን አትንኩ። የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦዎች መንጃው ላይ አቀያይሩ።

መሬት ላይ ስታወርዱት አራት ማዕዘኑ ተጣሞ ይወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ግማሽ ሰከንድ መዞር በሞላ ባትሪ ብዙ ነው፤ በደከመ ባትሪ ትንሽ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪው ጠዋት ላይ ከቀኑ ይልቅ ይደክማል። በሰዓት ብቻ የሚነዳ ሮቦት የት እንዳለ አያውቅም። ሴንሰሩ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ርቀት መለካት

    ትሪገር = ፒን(14, ፒን.አውት)
    ኤኮ = ፒን(15, ፒን.ኢን)

    ዴፍ ለካ():
        ትሪገር.ቫልዩ(0)
        ስሊፕ_ዩኤስ(5)
        ትሪገር.ቫልዩ(1)
        ስሊፕ_ዩኤስ(10)
        ትሪገር.ቫልዩ(0)
        ጊዜ = ታይም_ፐልስ_ዩኤስ(ኤኮ, 1, 30000)
        ኢፍ ጊዜ < 0:
            ሪተርን 999
        ሪተርን ጊዜ / 58

ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልክና ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ደርሶ መልስ ስለሆነ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በ58 ማካፈላችን ከዚህ የመጣ ነው።

ደጋ ላይ ነን፣ ይህ ቁጥር አይለወጥም ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከፍታው አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። በ5 ዲግሪ ድምፁ ወደ 334 ሜትር ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ በ30 ዲግሪ ወደ 349 ይወጣል። በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 58ን እንዳለ ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 999 ለምን?

ድምፁ ካልተመለሰ ታይም_ፐልስ_ዩኤስ ኔጌቲቭ ቁጥር ይመልሳል። ያንን እንዳለ ብትተዉት ምን ይሆናል? ኔጌቲቭ ቁጥር ከ20 ያንሳል። ስለዚህ ኢፉ «ግድግዳ አለ!» ይላል። ሰፊ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሮቦቱን ለቀነው፣ ፊቱ ምንም ሳይኖር መሃል ላይ ይሽከረከር ነበር። ወደ ግድግዳው ስናስጠጋው ግን በደንብ ይሠራል! ርቀቱን በፕሪንት ስክሪን ላይ አውጥተን ስናየው ነው የገባን። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነበር። ስለዚህ «አልሰማሁም» ለሚለው መልስ ከእውነተኛ ርቀት ጋር የማይምታታ ቁጥር ስጡት። ሴንሰሩ የሚችለው እስከ 400 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 999 ከዚያ ውጭ ነው።

ሞተሩን ሳታንቀሳቅሱ በዋይል ትሩ ውስጥ ርቀቱን እየለካችሁ ፕሪንት አድርጉ። እጃችሁን አስጠጉ፣ አርቁ። ቁጥሩ አብሮ ካልሄደ ወደ ደረጃ 8 አትለፉ።

ደረጃ 8፦ ሙሉው ሉፕ

    ዴፍ ሽሽ():
        ቁም()
        ወደኋላ(35000)
        ስሊፕ_ኤምኤስ(400)
        ዙር(40000)
        ሙከራ = 0
        ርቀት = ለካ()
        ዋይል ርቀት < 30 ኤንድ ሙከራ < 40:
            ስሊፕ_ኤምኤስ(60)
            ርቀት = ለካ()
            ሙከራ = ሙከራ + 1
        ቁም()

    ትራይ:
        ስሊፕ(3)
        ዋይል ትሩ:
            ርቀት = ለካ()
            ኢፍ ርቀት < 20:
                ሽሽ()
            ኤሊፍ ርቀት < 40:
                ወደፊት(30000)
            ኤሊፍ ርቀት == 999:
                ወደፊት(30000)
            ኤልስ:
                ወደፊት(45000)
            ስሊፕ_ኤምኤስ(60)
    ፋይናሊ:
        ቁም()

መስመር በመስመር ሳይሆን ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ላይ ልቁም።

የኢፎቹ ተራ። ፓይተን ከላይ ወደ ታች ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን «አዎ» ሲያገኝ ሌላውን አይጠይቅም። ከ40 ካነሰ የሚለውን ከላይ ብታስቀምጡት 15 ሴንቲ ሜትርም ከ40 ስለሚያንስ ሽሽ() ፈጽሞ አይደርሰውም። ጠባቡ ሁኔታ ከላይ፣ ሰፊው ከታች ይሁን።

የስሊፕ ርዝመት። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የሚነዳ ሹፌር ዓይኑን ለአንድ ሰከንድ አይጨፍንም። ሮቦታችሁም ስሊፕ ላይ ሲሆን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጎማው ግን ይዞራል። በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነና ስሊፕ(1) ከጻፋችሁ፣ በየዙሩ 50 ሴንቲ ሜትር በጭፍን ይሄዳል። 25 ላይ ለክቶ «ገና ነው» ካለ፣ የሚቀጥለውን ልኬት የሚወስደው ግድግዳው ላይ ነው። በ60 ሚሊ ሰከንድ ግን በጭፍን የሚሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከ60 በታችም አታውርዱት፤ የቀደመው ድምፅ ገና ሳይጠፋ ሌላ ስትልኩ ሴንሰሩ ይምታታል። ሽሽ() ውስጥ ያለችው 400 ጭፍን ናት፤ ከኋላ ሴንሰር ስለሌለ አታስረዝሟት።

የውስጠኛው ዋይል። ሉፑ ውስጥ ርቀት = ለካ() የሚለውን ብትረሱ ርቀቱ ባለበት ይቀራል፤ ሮቦቱም ዝም ብሎ ይዞራል። ሙከራ የምትባለው ቆጣሪ ለመጠባበቂያ ናት። ጠባብ ጥግ ውስጥ ገብቶ መውጫ ቢያጣ ከ40 ልኬት በኋላ ሉፑን ትዘጋለች። ቆጣሪዋ ላይ 1 መጨመር ከረሳችሁ ግን ያለችው ለስም ነው።

20 እና 30። መሸሽ በ20፣ መዞር ማቆም በ30። ሁለቱን እኩል 20 ብታደርጓቸው ሮቦቱ ድንበሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ 19.8፣ አንዴ 20.1 እየለካ ይሸሻል፣ ይመለሳል። የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያረጋጋዋል።

ትራይ እና ፋይናሊ። ቶኒ ላይ ማቆሚያውን ስትጫኑ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን በያዘው ፍጥነት ሊቀጥል ይችላል። ፋይናሊ ፕሮግራሙ በማቆሚያው ወይም በስህተት ሲቆም ቁም() እንዲሠራ ያደርጋል። ይህን ሳትጽፉ ጠረጴዛ ላይ አትሞክሩ።

ደረጃ 9፦ ከላፕቶፑ ነጻ አውጡት

ሲሠራ ፋይሉን ፒኮው ላይ «ሜይን» በሚል ስም ከነፓይተን ቅጥያው አስቀምጡ። ስሙ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይሁን። ኃይል ሲያገኝ ፒኮው ይህን ስም የያዘውን ፋይል በራሱ ይጀምራል። ዩኤስቢውን ንቀሉ፣ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ማብሪያውን አብሩ። መጀመሪያ ላይ ያለችው ስሊፕ(3) እጃችሁን እንድታነሱ ጊዜ ትሰጣችኋለች።

መጀመሪያ በካርቶን ሞክሩ። ከዚያ በግድግዳ። ከዚያ በወንበር እግር።

ሲበላሽ

በዩኤስቢ ይሠራል፣ በባትሪ አይነሳም፦ የፋይሉን ስም እዩ። ትክክል ከሆነ የዳዮዱን አቅጣጫ እዩ።

ሞተር ሲነሳ ፒኮው እንደገና ይጀምራል፦ ባትሪው ደክሟል ወይም ሽቦው ላልቷል። እያንዳንዱ ባትሪ ከ3 ቮልት በታች ከሆነ ወዲያው አውጡት፤ ከዚያ በታች መጠቀም ባትሪውን ይጎዳዋል።

ሁልጊዜ 999፦ ትሪገርና ኤኮ ተቀያይረዋል፣ ወይም የጂፒና የእግር ቁጥር ተምታቷል። 90 ከመቶ ይህ ነው ብላችሁ ከሽቦው ጀምሩ።

ያለ ምክንያት ቁጥሩ ትንሽ ነው፦ ሴንሰሩ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ወለሉን እያየ ነው። ትንሽ ቀና አድርጉት።

ግድግዳውን በሰያፍ ሲቀርበው ይገጫል፦ ድምፁ ልክ እንደ ኳስ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወደ ሴንሰሩ አይመለስም። ፍጥነት ቀንሱ።

ልብስ አያይም፦ አንድ ልጅ ከቤቱ የመንዝ ባና አምጥቶ ወንበር ላይ ሰቅሎት ነበር። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ገባበት። ወፍራም የሱፍ ልብስ ድምፁን ይውጠዋል፤ የሚመለስ ነገር ትንሽ ነው። ሴንሰሩ 999 ይላል። 999 ሲሆን ቀስ ብለህ ሂድ ያልነው ለዚህ ነው፤ «አልሰማሁም» ማለት «ባዶ ነው» ማለት አይደለም።

ባናም ጋቢም እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ ከፊቱ የምትነካ ትንሽ ማብሪያ ግጠሙ። አንዱን ጫፍ ከጂፒ16፣ ሌላውን ከግራውንድ። ፒኑን «መከላከያ» ብላችሁ ስትሰይሙ ፑል አፕ በሉት፤ ሲነካ 0 ይሰጣል። ከዚያ ዋይል ትሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦

    ኢፍ መከላከያ.ቫልዩ() == 0:
        ሽሽ()
    ኤሊፍ ርቀት < 20:
        ሽሽ()

የቀድሞው ኢፍ ኤሊፍ መሆኑን አስተውሉ። ሌላው እንዳለ ይቀጥላል።